ማንም ስላልነካው ፋይሌ

ለክቡር ጓድ አይናዲስ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ፒያሳ
ሚያዝያ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ መደርደሪያዎ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤዬን በቀበሌው በር ላይ የለጠፍኩት ወደ ውስጥ ከገባ ይጣላል ብዬ ሰግቼ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መዝገብ ቤቱ ስለጠበበና አንድ ፋይል ፍለጋ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ ሁለት ዓመት ማንም ያልነካው ፋይል ሁሉ እንዲወገድ ማዘዝዎን ሰምቼ እሰይ ብዬ ነበር። ቤት ሲጠብ ይጠረጋል። ነገር ግን፦

1ኛ/ የእኔን ፋይል ማንም ያልነካው ስለሞትኩ ሳይሆን ምንም ስላልለመንኩ ነው። ባለቤቴ ዘውዲ ካረፈች ወዲህ እስካለፈው ሰኞ ድረስ ደጃችሁን አልረገጥኩም።

2ኛ/ የዚያን ሰኞ ስለ ፋይሌ ልጠይቅ ብመጣ ጸሐፊዎ መደርደሪያውን አንዴ ገልመጥ አድርጋ የለህም አለችኝ። ቅልጥፍናዋን አደንቃለሁ፤ ዱሮ መኖሬን ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፣ አለመኖሬ ግን ቁጭ ሳልል ተገኘ።

3ኛ/ ፋይል የሌለው ቤት ባዶ ነው ተብሎ፣ ከዘውዲ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበትን ከጊዮርጊስ በታች ያለውን ቤቴን በአሥራ አምስት ቀን እንድለቅ ታዝዣለሁ። ለሌለ ሰው ትእዛዝ መጻፍዎ ትልቅ አክብሮት ነው።

4ኛው እንኳ ምስጋና ነው። ማክሰኞ ዕለት ከቆሎ ሻጯ ከብርኽቲ ቆሎ ገዛሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠራችሁኝ እናንተ ናችሁና መጠቅለያውን አንድ ባንድ እየለቀምኩ አነበብኩት፤ የቤታችን ቅጽ ነው። የዘውዲ ስም፣ የእኔ ስም፣ የእናንተ ማኅተም፣ የእሷ የአውራ ጣት አሻራ። ብርኽቲ ከቀበሌው ግቢ በኬሻ ካወጡላት ወረቀት ነው አለችኝ። ጨው ነክቶታል፤ አሻራዋ ግን አልጠፋም።

ስለዚህ አልለቅም። ቅጹን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማየት የፈለገ ይምጣ፤ እኔ ቤት ቶሎ ይገኛል።

መደርደሪያዎ እንደ ጃንሜዳ ይስፋልዎ እያልኩ እጅ የምነሳ፣
በመዝገብዎ የሌለሁ፣ በቤቴ ያለሁ፣
አጽብሐ ሐድጉ

ግልባጭ፦ ለብርኽቲ ቆሎ መሸጫ (ፋይል እዚያ ስለሚቀመጥ)

ከፈረምኩ በኋላ፦ ዛሬ ደግሞ ሽንብራ ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያው የእርስዎ ፋይል ሆኖ ተገኘ። ለስኳርም ለዘይትም ተሰልፈው ስለማያውቁ ሁለት ዓመት የነካው የለም። እንግዲህ እርስዎም የሉም፣ ጓዴ። አሥራ አምስት ቀንዎ ከዛሬ ይቆጠራል። ፋይልዎ እኔ ዘንድ ነው፤ መጥተው ይለምኑ።