ካላሃሪ፣ በሐምሌ

ቅዳሜ
ሰይድ ሞቷል። ወንድሜ። አጎቴ ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ ከግመል ተራው ጀርባ ወስዶ ነገረኝ። አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ ተመልሶ ነው ወሬውን ያመጣው። «እናትህ እንዳትሰማ። እህትህ ዘይነብ ከደሴ ትምጣና መርዶው በወጉ ይነገራል። ወንድ ነህ፣ ቻለው» አለኝ። ዘይነብ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ አትችልም። እንዴት ነው የምችለው?

እሑድ
እናቴ ካርታውን አምጣ አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ እኔና ሰይድ የቀዳነውን። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ «ስመለስ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ መንገድ ታሳየኛለህ፣ ካላሃሪ እንወርዳለን» ብሎኝ ነበር። ያኔ «የራያ ቆላ አንሷችሁ ነው በረሃ ፍለጋ የምትዞሩት?» ብላ የሳቀችብን እሷ ናት። ዛሬ በየት በኩል ነው ትለኛለች። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ሉሳካ፣ ከዚያ ቦትስዋና። ጣቴን አንስቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። በርዶኝ ነው አልኳት። በቆቦ!

ሰኞ
የትኛው ወር እንደሚሻል የጂኦግራፊ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እናቴ ጠይቅልኝ ብላኝ ነው። ሐምሌ አሉ። የእኛ ክረምት እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። ውሃ ሲጠፋ ዝሆኑም አንበሳውም የቀረችው ኩሬ ዳር ይሰበሰባል፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ነገርኳት።
«እንግዲያው ጋቢ ያስፈልገዋል» አለች።
ጓሮ ወጥቼ ድምፅ እንዳይወጣኝ እጅጌዬን ነክሼ አለቀስኩ።
የሚያዝ፦ ጋቢ፣ ጀሪካን፣ በሶ፣ ትርፍ ጎማ። ለማን?

ማክሰኞ
ዘይነብ አልመጣችም። ሒሳብ ፈተና ላይ ስሜን ብቻ ጽፌ ወጣሁ። እናቴ ለበሶው ገብስ ቆላች።
«አንበሳ ቢመጣባችሁስ?»
«መኪና ውስጥ ነን፣ እማዬ።»
«ሰይድ መች አርፎ ይቀመጣል! ወርዶ ጭራውን ካልያዝኩ ይላል እንጂ።»
ሳቅን። ሁለታችንም። ራሴን ጠላሁት።

ረቡዕ
ዛሬ ካርታውን ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ።
«እጠፈው፣ እንድሪስ። ሰምተሃል አይደል?»
ካርታውን አጠፍኩት።
«የቆቦ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ‹የሰይድ ወሬ መጣ ወይ?› ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ገበያውን ዞሬ አንድም ሰው አልጠየቀኝ። ያኔ አወቅሁት።»
«ታዲያ ካርታውን ለምን...?»
«አንተ አልሰማህም ብዬ ነዋ፣ የኔ ጌታ። ዘይነብ እስክትደርስ ሆድህ እንዳይባባ።»
ቀጥላም «ማወቄን ለአጎትህ እንዳትነግር። ይምጡና ይንገሩኝ። ለቅሶ ለብቻ አይሆንም» አለች።

ሐሙስ
ዘይነብ ደርሳለች፤ አጎቴ ቤት ደብቀዋታል። እናቴ ቤቱን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ከአጎቴ ሚስት ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ አወራች። እኔ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።

ዓርብ
ከሱብሂ ሶላት በኋላ መጡ። ግቢው በሰው ሞላ። እናቴ ወጣች። አጎቴ «ኢና ሊላሂ...» ብሎ ሳይጨርስ ጮኸች። ታስመስላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላስመሰለችም። ገና አሁን የሰማች ትመስላለች፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ዘይነብ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።
እናቴ ደረቷን እየመታች «ካላሃሪን ሳያይ! ካላሃሪን ሳያይ!» ትላለች። ከሮቢት የመጡ ሴቶች እርስ በርስ ሲጠያየቁ ሰማኋቸው።
«ካላሃሪ የቱ ግንባር ነው?»
«እንጃ እቴ። ብቻ ልጆቹን የሚበላው እሱ ነው።»
ወደ እኔ ዞሩ። ሩቅ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?
ነገን አላውቅም። ዛሬ ግን እጅጌዬን ሳልነክስ አልቅሻለሁ።