ሊቁን ዳገት ላይ የማለፍ ዕቅድ

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

እኔ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጤንነትና በንጹሕ ልቡና የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ጠዋት የመኪናዬን ካንዴላዎች ያጸዳሁት በአባዬ የጥርስ ብሩሽ ነው። አጥቤ መልሼዋለሁ። ሦስት ጊዜ አጥቤ... እሺ፣ ሁለት ጊዜ።

ከምሳ በኋላ ጥርሱን ፍቆ ወጣና “ይቺ የጥርስ ሳሙና ቤንዚን ቤንዚን ትላለች” አለ።

“እርጅና ነው፤ አፍም ያረጃል” አለችው እማዬ። ቀጥላ ወደ እኔ፦ “ሚጢጢ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?”

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአባዬ በቁመት በአንድ ጣት እበልጣለሁ። ዛሬም ሚጢጢ ነኝ።

መኪናዬ ያልኩት የአባዬን አሮጌ መኪና ነው። በዕድሜ እኔን ሁለት ጊዜ ትሆናለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ቀን ቁልፏን ወርውሮልኝ “ካስነሣሻት ያንቺ ናት” አለኝ። እንደማላስነሣት እርግጠኛ ስለነበር ነው እንዲህ የቸረው። አስነሣኋት።

የካቲት 2፣ እሑድ

እሑድ ምሳ ሁልጊዜ ትልቋ አክስቴ ጋ ነው። ቤቷ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ከፋርማሲው ጥግ እስከ እሷ በር ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ እሑድ ሰው የማይበዛበት ዳገት። አባዬና እማዬን አሳፍሬ መሐሉ ላይ ስደርስ መኪናዬ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ አንደኛ ማርሽ አወረድኳት። በአጠገባችን አንዲት አሮጊት በእግሯ አለፈችን። ውሸት አይደለም።

ከዚያ ሊቁ መጣ።

ሊቁ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ጡረታ እስኪወጣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ አሁን የዓለም ንብረት ኃላፊ ሆኗል። የማያውቀው ነገር የለም። ፊት ለፊት “ጋሼ፣ እርስዎ” እለዋለሁ። እዚህ ግን “እሱ” ነው። ደብተሩ የኔ ነው። በዚያች ወንበሯ ላይ እስከ ዛሬ ላስቲኩ ባልተነሣ ነጭ መኪናው፣ ጥሩምባውን አንዴ ተጭኖ ሳይለቅ፣ መሐረቡን በመስኮት እያውለበለበ አለፈን።

ቢበቃው ጥሩ ነበር። ገበታ ላይ ሳህን እንደ መሪ ይዞ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ “እህ... እህ... እህህህ...” እያለ መኪናዬን ሆነ። አክስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ጉንጬ እየተቃጠለ ሳቅኩ።

ሊቁ አፉን ጠረገና፦ “አንድ ብረት ገዢ አውቃለሁ። ቆራርጦ ይወስዳታል።”

“እውነትም ግቢውን ዘጋችው” አለች እማዬ። እናቴ ናት ይቺ?

“በአንድ ዳገት ነው እንዴ የምትፈርዱባት?” አልኩ። “ስትፈልጉ ጋሼንም አልፋለሁ!”

ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። አክስቴ የቤቱ ዳኛ ናት፤ ፈረደች፦ “እንዲህ ይሁን። የካቲት 30 እሑድ ነው። ያን ቀን ካለፈችህ መኪናዋ ትኑር። ካላለፈችህ ሰኞ ብረት ገዢው ይምጣ።”

ሊቁ መሐረቡን አጣጥፎ “ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እቀጥረዋለሁ” አለ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

አልረሳም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፈትኩ። ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ።

“አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“አጥር ልሠራበት ነው።”

“መቼ?”

“ጊዜ ሳገኝ።”

ድንጋይ ሆኗል! አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ድንጋይ አሳፍረን ስንዞር ኖረናል። ገፍቼ አወረድኳቸው። ጎማዎቹን ነፋሁ፣ አዲስ ካንዴላ አስገባሁ። ዳገቱን በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፦ ድሮ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ አሁን 1 ከ54። ሊቁ በየምሳው እንደሚፎክረው እሱ የሚወጣው በ1 ከ45 ነው። ዘጠኝ ሰከንድ... ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው የሚለየን።

ወደ “ከውስጥ አለ” ሄድኩ። መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ምንም ብትጠይቀው “ከውስጥ አለ” ይልሃል። ብስክሌቴን በዋጋው ተረከበና ቀይ፣ እንደ ባርኔጣ ሾጠጥ ያለ የአየር ማጣሪያ እና አፉ ሰፊ የሆነ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ሰጠኝ።

“ይሄ ከገባላት መኪና አይደለችም፣ አውሮፕላን ናት።”

“አውሮፕላን ዳገት ይወጣል?”

“የምን ዳገት? በላዩ ነው የሚያልፈው።”

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ዝገት ዓይኔ ውስጥ ገባ። የማርሚታው የመጨረሻ ብሎን እምቢ አለ። ዘይት አጠጣሁት፣ ለመንኩት፣ መታሁት። በመጨረሻ የሊቁን ስም ጠርቼ መታሁት... ተፈታ።

ከዚያ ማጣሪያው። የድሮው ማጣሪያ ያለበትን ጥቁር ሣጥን ከነቱቦው ነቅዬ ጣልኩና ቀዩን ራቁቱን ተከልኩት። ኮፈን ሲከፈት ያምራል! አስነሣኋት።

ድምፅ! የመስኮት መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጣቷን በመርፌ ወግታ ከነእርግማኗ በመስኮት ብቅ አለች። አባዬ ሻይ ደረቱ ላይ ደፋ። እኔ ሰማይ ላይ ነበርኩ።

ዳገቱን በረርኩ። ስደርስ ስልኬን አየሁ። 2 ከ01።

ምን?

ደገምኩ። 2 ከ03። ሠለስኩ። 2 ከ06።

እየጮኸች ትዘገያለች። ልክ እንደ ሊቁ፦ ድምፅ ብቻ። ግን አሁን አያስቅም። ሦስት ሳምንት ቀረኝ፣ ብስክሌት የለኝም፣ መኪናዬን ከበፊቱ አባስኳት። ምን አድርጌ ነው?

የካቲት 9፣ እሑድ

እንደገና ጥሎኝ ወጣ። ከምሳ በፊት፣ ገና ሞተሩን እንዳጠፋሁ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ኮፈኔን ከፍቶ ለዘመድ አዝማድ ማብራሪያ ጀመረ። “ይሄ ቀዩ... ይሄ እንግዲህ ጌጥ ነው” ብሎ ሊነካው እጁን ሲሰድ፣ አጠገቡ ያለው የጭስ መውጫ ብረት አገኘው። ዘለለ! እንዲያ ሲዘል አይቼው አላውቅም። በዚህ ሳምንት ካገኘሁት ደስታ ሁሉ ይበልጣል።

ጣቱን እፍ እፍ እያለ፦ “ይሄ ምድጃ ነው! አፍንጫዋን ምድጃ ላይ ተክለሽ ሩጪ ትያታለሽ?”

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ቆምኩ። አፍንጫዋን... ምድጃ ላይ...

የጣልኩት ጥቁር ሣጥን ቱቦው ከፊት ነበር አየር የሚስበው። ቀዝቃዛ አየር። እኔ ያን ነቅዬ የጋለ ብረት ላይ አፏን ከፈትኩት። ትኩስ አየር ስስ ነው፤ አቅም የለውም። ስትሞቅ የባሰባት ለዚያ ነው!

ሰውዬው መድኃኒቱን በስድብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ምን እንዳለ እንኳ አላወቀም። አመሰግናለሁ አልልም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ኑዛዜ፦ አንድ የመጋገሪያ ትሪ እና ከወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ጀርባ ያለው ታጣፊ የአሉሚኒየም ቱቦ በኔ እጅ ናቸው። ትሪውን አጥፌ በጋለው ብረትና በማጣሪያው መካከል ግድግዳ ሠራሁበት። ቱቦውን ከፊት፣ ንፋስ ከሚገባበት፣ ወደ ማጣሪያው ሳብኩት። በላዩ ክዳን። አሁን ኮፈን ቢከፈትም ቀዩ አይታይም።

እማዬ ሽንኩርት መጥበስ ጀመረች። ቤቱ በጭስ ታፈነ።

“ቱቦው የት ሄደ?”

አባዬ እያሳለ “አይጥ ይሆናል” አለ።

“አይጥ አሉሚኒየም ይበላል?”

“የዘንድሮ አይጥ ምኑን ይምራል!”

ዳገቱ፦ 1 ከ42። 1 ከ42። 1 ከ43።

ደብተሬን ሳምኩት።

የካቲት 16፣ እሑድ

አለፍኩት።

እንደገና ልጻፈው። አለፍኩት! ፋርማሲው ጋ ጎን ለጎን ነበርን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ረገጥኩ። ቀስ እያለ የሱ መስኮት፣ ከዚያ የሱ አፍንጫ፣ ከዚያ የሱ መብራት ወደ ኋላ ሄዱ። አባዬ “ኧረ ቀስ! ኧረ... ኧረ አለፍነው!” ይላል። መሐረብ አልነበረኝም፤ ሶክስ አውለበለብኩ።

ገበታ ላይ ሳህኑን እኔ ያዝኩ። መሪውን ጨብጦ አንገቱን የሚያሰግገውን ሊቁን ሆንኩ። አክስቴ ከወንበር ልትወድቅ ነበር።

“እየቆጠብኩ ነው” አለ ሊቁ። “ነዳጅ እየቆጠብኩ ነው። ቃሉ ለ30 ነው።”

“ቃሉ ለ30 ነው” አለች ዳኛዋ።

ይሁን። ሁለቴ መቅመስ ከፈለገ...

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አላምንም! ወሬው ከሦስት ሰፈር ወዲያ ደረሰኝ። ሊቁ ቀይ ማጣሪያ ገዝቷል! ራሱ፣ በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁ ገጥሞታል። የት? የጋለው ብረት ላይ። የገለበጠው የካቲት 9 ያየውን ነው፤ ትሪው ከመግባቱ በፊት ያየውን። ከዚያ ወዲህ የገባውን አላየም። ጣቱን ያቃጠለበትን ቦታ ፈልጎ ተከለው።

መኪናውን ይዞ ቤታችን መጣ። ማንም እንዳይሰማ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደኝ።

“ሚጢጢ... ለወሬ ያህል ነው የምጠይቅሽ... አቅም አጣችብኝ። ምን ይመስልሻል?”

እኔን! ሊቁ እኔን ጠየቀ! በኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብዬ እንደ ሐኪም “እም...” አልኩ።

“ማርሚታው ጠቦ ነው ጋሼ። ሰፊ ይግዙ። ‘ከውስጥ አለ’ ጋ አለ። ድምፅ ከሌለ ጉልበት የለም።”

“እኔም ጠርጥሬ ነበር” አለ።

ጠርጥሮ ነበር! አልጋዬ ላይ ትራስ ነክሼ ሳቅኩ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ሊቁ ዛሬ በአዲሱ ሰፊ ማርሚታው መንገዱን ሁሉ አስነሣ። ልጆች ከግቢ ወጥተው ከኋላው እየሮጡ “እህ! እህ! እህህህ!” ይሉታል። ማንም አላስተማራቸውም። ዳገቱ መሐል ላይ ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳልደክም አለፍኩት።

ሲገባ ሁሉም ጠበቀው። አክስቴ “ወንድሜ፣ ሳል ይዞሃል?” አለች። ቤቱ ፈረሰ። እማዬ ጠረጴዛ እየመታች ሳቀች።

እሱም ሳቀ።

ያን ሳቅ አወቅኩት። ጆሮ የቀላበት፣ አፍ ብቻ የሚሠራው ሳቅ። ሾርባው ውስጥ ማንኪያ እያዞረ አንዴም አልቀመሰም።

በጣም ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል እያልኩ ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጅሉ ራሱ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? የጀመረው ማነው? ሳህን ይዞ የተንቀጠቀጠው ማነው?

አባዬ “ጋሼሽ መኪናዋ እንዲህ ከሆነች መሸጤ ነው እያለ ነው። ላስቲኩን እንኳ ሳያነሣላት” አለ። “የሚገርመው፣ ያሞገሰሽ እሱ ነው። ልጅቷ እጅ አላት አለ።”

ማን ጠየቀው?

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

የምጽፈው ከሊቁ መኪና ውስጥ ነው። የግቢው በር ክፍት ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ ማንኮራፋቱ በመስኮት ይሰማኛል። አሁን ገና ከገበያ ገብቷል፣ ብረቱ ግሏል፤ እስኪበርድ መጠበቅ አለብኝ። የወንበሩ ላስቲክ ስነቃነቅ ይንጫጫል። ስለዚህ አልነቃነቅም፣ እጽፋለሁ።

የብስኩት ቆርቆሮ ቆርጬ ግድግዳውን እቤት ሠርቼ ነው የመጣሁት። ቱቦም አለኝ፤ የቧንቧ ሠራተኛው የእማዬን ጭስ መሳቢያ ሲጠግን የተረፈውን ትቶ ሄዷል። ሁለት ብሎን ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ማንም ሳያየኝ እወጣለሁ። ነገ ሲያስነሣት “ተፈወሰች፣ ብዬ ነበር” ይላል። ይበል።

ይቅርታ አይደለም። ይሄ በደንብ ይጻፍ፦ ይቅር አላልኩትም። ሳህኑን አልረሳሁም። አፌን ሞልቼ ልስቅበት ነው የምፈልገው። ግን የታፈነ መኪና አልፌ ምን እላለሁ? ሌላው ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግን አውቃለሁ። አፍንጫውን ራሴ ምድጃ ላይ አስቀምጬ፣ “ድምፅ ከሌለ ጉልበት የለም” ብዬ... እንዲህ ያለ ድል የሱ ዓይነት ነው። የኔ አይደለም። ሙሉ ጉልበቷን ይዛ፣ እሱም ሙሉ አፉን ይዞ፣ ያኔ ነው ማለፍ።

ካለፍኩት።

በዚያ ሰፊ ማርሚታና በቀዝቃዛ አየር የሱ በ1 ከ40 ትወጣለች ብዬ እፈራለሁ። የኔ 1 ከ42 ናት። ሰኞ ሦስት ሰዓት ብረት ገዢው በር ያንኳኳል። አስልቻለሁ። አምስት ጊዜ አስልቻለሁ። አሁን ወርጄ ወደ ቤት ብሄድ መኪናዬ የኔ ናት፤ ማንም አያውቅም።

በመስኮት እጄን ዘርግቼ ኮፈኑን ነካሁት። ለብ ብሏል። ሌላ አምስት ደቂቃ...

አስር ቁጥር የብሎን ቁልፌ የት ገባ? ቅድም ከቆርቆሮውና ከቱቦው ጋር ኮፈኑ ላይ አስቀምጬው...

ማንኮራፋቱ ቆሟል። መቼ ነው የቆመው?

የነጠላ ጫማ ድምፅ። ቀስ... ቀስ... በፊት መስታወቱ በኩል አየሁት። በፒጃማ ነው። ቆርቆሮውን አየ። ቱቦውን አየ። ከቆርቆሮው ወደ ኮፈኑ፣ ከኮፈኑ ወደ ተቃጠለው ጣቱ... ገባው። ሁሉም ገባው። ቁልፌን ከኮፈኑ ላይ አነሣ፣ እጁ ላይ መዘነው፣ እኔን አየኝ፦

“ሚጢጢ!”