የሁዳዴ ቁርስ

ታኅሣሥ 11 ቀን 2011

ዛሬ ዓሣው ጥቂት ነው። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበሩን ሒሳብ ዘግቼ በጊዜ ገባሁ። እማዬ ደጅ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ክው አልኩ። የደስታ ነው ለካ! ወንድሜ ታመነ ከዱባይ ደውሎ ኖሯል። ለፋሲካ ሊወስዳት ነው። መጀመሪያ ዱባይ እሱ ጋ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም። ካየችው አሥራ አንድ ዓመቷ…

አንድ ሰው አብሯት ይምጣ ብሏል። አንድ ሰው… ልቤ ዘለለ። ማን እንደሆነ ስትነግረኝ ግን ቀዘቀዝኩ።

ታኅሣሥ 13

ማርያማዊት ናት። ታናሼ። ስድስት ዓመት ቤይሩት ሠርታ መጥታ ደሴ ልብስ ቤት የከፈተችው። እማዬ "ዓረብኛ ትችላለች፣ ኤርፖርቱን ለምዳዋለች፣ እኔ ብቻዬን የት ገብቼ የት እወጣለሁ" አለች። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ያናደደኝ። የእማዬ ዓይን ሞራ ሲገፈፍ ሆስፒታል ወለል ላይ ያደርኩት እኔ። ጉልበቷን የማሸው እኔ። ያኔ ዓረብኛ አላስፈለገም።

ታኅሣሥ 20

ታመነ ደወለ። የጉዞውን በጀት አንቺ ሥሪልኝ፣ ከአንቺ በላይ ሒሳብ የሚያውቅ የለንም አለ። ለበጀቱ እኔ፣ ለመንገዱ እሷ። እሺ አልኩት።

ታኅሣሥ 27

ማርያማዊት መጣች። አዲስ ሻንጣ ይዛ፣ ቀይ፣ ባለ ጎማ። ከባጃጅ ስትወርድ ሠፈሩ ሁሉ አየ። ዘንድሮ ሰው አስመራም ይሄዳል፣ የትም ይሄዳል። እኔ ብቻ ሐይቅ ዳር ዓሣ እቆጥራለሁ። "ከካይሮ ምን ላምጣልሽ እትዬ?" አለችኝ። ምንም፣ አልኳት።

እዚህ ማን ያየኛል… ቀንቻለሁ። አንጀቴ አሯል።

ጥር 5

በጀቱን ላክሁለት። ትክክለኛው ለሁለት ሰው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነበር። የላክሁት ስድስት ሺህ አንድ መቶ። በአንድ ክፍል የሚያድሩትን ሁለት ክፍል አደረግኩት። ታክሲ ጨመርኩ። ምግብ በቀን ሦስቴ ጻፍኩ። ለሁለት አልችልም፣ እማዬ ብቻ ትምጣ ይላል ብዬ ነው። የኔዋ እመቤት ሻንጣዋን ታቅፋ ደሴ ትቀራለች።

ጥር 9

ታመነ ለእማዬ ነገራት። አቅሙ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሰይ አልኩ በሆዴ።

እማዬ ግን፣ "እንግዲያው ማርያማዊት ትሂድና ወንድሟን ትየው። እኔ ብቻዬን አልችልም። ግሸንን ስሜያለሁ፣ ይበቃኛል" አለች።

ምን ሠራሁ? ብቻዋን እንደማትችል እኮ ያን ቀን ነግራኛለች። ቅናቱ አስረሳኝ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል። እኔ ለእህቴ ማስኩ፣ እናቴ ገባችበት።

ጥር 16

ዛሬም አልተናገርኩም።

ጥር 21

ማርያም። ማርያማዊት ለበዓሉ መጥታለች። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እማዬ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ሰጠቻት። "ከጌታ መቃብር አስነክተሽ አምጪልኝ፣ መገነዣዬ ነው።" እየሳቀች ነው የምትናገር። ማርያማዊት አለቀሰች። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ደብተሬን አመጣሁና በጀቱን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ለሁለት ሰው፣ አሥራ ስምንት ቀን…

እማዬ ቀና አለች። "በሁዳዴ?"

"በሁዳዴ።"

"ረስተሽው ነው" አለችኝ። መውጫ ልትሰጠኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም፣ ይኼን የማላውቅ ይመስል።

"አልረሳሁም እማዬ። ማርያማዊት እንዳትሄድ ብዬ ነው።"

ማርያማዊት ወጣች። ግቢው ውስጥ ብዙ ቆየች። እማዬ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማርያማዊት ተመልሳ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና ቁርሱን ራሷ ሰረዘችው። ከዚያ ምሳውን።

ጥር 22

ለታመነ ነገርኩት።  "አንቺም መሄድ ትፈልጊ ነበር?" አለኝ።

እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። "አዎ" አልኩት። ለሁለቱ ይበቃኛል፣ ለሦስት ግን አልችልም አለ። አውቃለሁ። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 5

ዱባይ ደረሱ! ማርያማዊት በቪዲዮ ደወለችልኝ። እማዬ የታመነን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አትለቅም። ጠጉሩ ሸብቷል። ቀናሁ፣ አልዋሽም። ልጇን የወሰድኩባት እኔ ልሆን እንደነበር ሳስብ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ማርያማዊት አትታይም። ስልኩን ለእኔ ይዛ ቆማለች። እሷም እኮ አሥራ አንድ ዓመት አላየችውም።

"አንቺም ሂጂና እቀፊው እንጂ" አልኳት።

"ላንቺ ማን ይይዝልሻል እትዬ?"

"እኔ ይቅርብኝ። ሂጂ።"

ስልኩን ኪሷ ከተተችው መሰለኝ፣ ጨለመ። ዳታዬ እስኪያልቅ ሦስቱም ሲያለቅሱ ስሰማ ቆየሁ።