ባሕር ላይ፣ ባሕር ዳር

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 2008
ጠዋት የተጫነ ድንች አርባ ሁለት ጆንያ። አራቱ ብስባሽ ስለነበረባቸው አስፈትቼ አስለቀምኩ።
ታናሽ እህቴ ፍቅርአዲስ መጋዘን ድረስ ሮጣ መጣች። «እታለም፣ አለፍኩ!» ለጀማሪ የባሕር ተመራማሪዎች የሚሰጥ ሥልጠና ነው። አንድ ወር ውቅያኖስ ላይ፣ መርከብ ውስጥ። እስካሁን ጥልቀቱን የለካችው ውሃ የዘንገናና የጥርባ ሐይቅ ብቻ ነው፣ እሱም በትንሽ ጀልባ። የቀራት የመሥሪያ ቤቷ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። እስከ 14 ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።
አንድ ወረቀት... ምን ያስቸግራል?
ጥሊሊ ላለችው እናታችን ደወልኩ። ፍቅርአዲስ ለሥልጠና ባሕር ዳር ትሄዳለች አልኳት። ወንድማችን አበረ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ከወጣ ስድስት ዓመቱ። ድምፁ የለም። መርከብ የሚባል ነገር ባትሰማ ይሻላል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8
ሦስት ቀን አስጠብቀው የሰጡን ደብዳቤ «በባሕር ዳር ከተማ ለሚሰጠው ሥልጠና» ይላል!
ራሴ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። ጸሐፊው አድማሴ የጥሊሊ ሰው ነው።
«እትዬ፣ ማመልከቻዋ 'ባሕር ላይ' ይላል። ግራ ገባኝና ትናንት ደውዬ እናታችሁን ጠየቅኳቸው። 'ባሕር ዳር ነው' አሉኝ። 'ላይ'ን 'ዳር' አድርጌ አረምኩላችሁ።»
«መርከብ የሚለውን አላየህም?»
«ጣና ላይ ምን ጠፋ? ደሞስ ለእናት ይዋሻል?»
«በል፣ ውቅያኖስ ብለህ እንደገና ጻፈው» አልኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 9
የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አዲሱን ደብዳቤ አልፈርምም አለ። «እናት ባሕር ዳር፣ ልጅ ውቅያኖስ። አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እናቲቱ መጥተው ይንገሩኝ።»
ፍቅርአዲስ መጋዘኑ በር ላይ ፈነዳች። «ድንች መሰልኩሽ፣ እታለም? ጥሩ ጥሩውን ከላይ ደርድረሽ የምትሸጪኝ?»
እኔ እንደዚያ ሸጬ አላውቅም። ድንች ማለቴ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10
ለእማ ልደውል ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ኔትወርክ ነበረ።

እሁድ፣ መጋቢት 11
ጥሊሊ ሄድኩ። እማ ምስር ትለቅማለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ መርከቡን፣ ውቅያኖሱን፣ ደብዳቤውን። እጇ አልቆመም።
«አበረ የሄደ ጊዜም ባሕር ዳር ነበር ያልሽኝ።»
ረስቼው ነበር... ወይስ መርሳት ፈልጌ? ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ገባ ብያት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳችብኝም።
«ይችኛዋ መመለሻ ቀን አላት?»
«አላት። ግንቦት 12።»
«ጻፊልኝ።»
ማንበብ አትችልም። ጻፍኩላት። አጣጥፋ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።
«ለአለቃዋ እንግዲህ እውነቱን ነው መንገር፣ እማ።» ይህንኑ አልኳት፣ ደፍሬ።
«እሱንስ ካንቺ አልማርም፣ ውብአየሁ።»
ነጠላዋን አንስታ በመጨረሻው ሚኒባስ አብራኝ እንጅባራ፣ ቤታችን ገባች። ፍቅርአዲስ አጠገቧ ተኝታለች። ለእኔ መደብ ተረፈኝ። ይፈርም ይሆን? የቀረን ሦስት ቀን ነው።
ነገ፦ ጭነቱን የመጋዘን ሠራተኛዬ ይሄነው ይረከብ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እማን ይዤ ቢሮ።