የኢክሪማ አውራ ጣት

ይድረስ ለወንድሜ ለኑዕማን፣ ማጂ።

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረማችሁ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ባለቤትህ ላምያ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑ ኢክሪማስ ይጠባል፣ ይተኛል? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን እናንተው ዘንድ ነው። ስልኩ አልገባ ቢለኝ ይህን በአይሱዙው ሹፌር በአሕመዲን እጅ ልኬዋለሁ።

አሕመዲን የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልጃችን ያለ ቀኝ አውራ ጣት ተወልዷል አለኝ። እማዬም ላምያ እርጉዝ ሆና ለኢድ እኔ ዘንድ ስትመጣ ጉሬዛ ላይ ስላፈጠጠች ነው ብላለች፣ ወደ አባቷ ቤት ልትልኳት ነው፣ የልጁንም እጅ ሰው እንዳያየው በጨርቅ ጠቅልላችሁታል ይላል። እውነት ነው?

ጉሬዛውን አብረን አይተነዋል። እዚህ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ ለቡናው ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች ላይ መቼም አይጠፋም። አውራ ጣት የለውም፣ ቢኖረውም ኪንታሮት የምታህል ናት። ዩኒቨርሲቲ የምማረውም ይህንኑ ነው፤ የአካል ቅርጽ ከሥራው ጋር እንዴት አብሮ እየተለወጠ እንደመጣ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር አራቱን ጣቶቹን እንደ መንጠቆ ይጥላል። አውራ ጣት ለዚያ ስለማትረዳው ስንትና ስንት ትውልድ ሲዋለድ እያነሰች ሄደች። እማዬ «ያ ሰውን ከዝንጀሮ የሚያዛምድ ትምህርት» ብላ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ትቆጣ፣ ግን ትስማኝ። አንድ ቀን በዓይን የታየ ነገር ማህፀን ገብቶ ጣት አይቆርጥም።

አልዋሽህም፣ እኔም ፈርቻለሁ። ለጉሬዛ የበቃው እጅ ለኢክሪማ አይበቃውም። እሱ እስክሪብቶ ይይዛል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሱቅህ ውስጥ ስኳር ይመዝናል። መምህርቴን አሰጋሽን ብጠይቃቸው፣ ሌባ ጣትን አዙረው በአውራ ጣት ቦታ የሚተክሉ ሐኪሞች አሉ አሉኝ። ሌባውን አውራ አድርገው ይሾሙታል ማለት ነው፤ ይህን ስትሰማ እማዬም ሳትወድ ትስቅ ይሆናል። እስከዚያው ጣቶቹ መጨበጥ መልመድ አለባቸው፣ የተጠቀለለ እጅ ደግሞ ምንም አይለምድም። እባክህ ወንድሜ፣ ጨርቁን ፍታለት። ከእናቱም አትለየው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለእህታችን ለዘይቱና ናፍቀሽኛል ብላለች በላት። የኢክሪማን ያቺኑ ቀኝ እጁን ሳምልኝ። ደብዳቤውን ለእማዬ ላምያ ታንብብላት። መልሱንም አንተ አትጻፈው፣ እሷ ትጻፍልኝ፤ ጽሕፈቷን ሳይ ከቤቷ እንዳለች አውቃለሁ።

እህትህ አርዋ

ቴፒ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.