መዥገር ለቀማ በሰንበቴ ገበያ

ሐሙስ

መዥገር! ከዚህ ሁሉ ነገር መዥገር!

መምህሬ ናቸው የደወሉት። የተማርኩበት ቤተ ሙከራ ከባዮሎጂ ተማሪዎች ጋር ምርምር የሚሠራ አንድ ተመራቂ ይፈልጋል። ተማሪዎቹ ሰንበቴ ከብት ገበያ ሁለቴ ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። «አሥር ብልቃጥ መዥገር ሙዪልኝ። ከብቱ ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበትን ግን አልቀበልም። እስከ ሰኞ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ከተመረቅኩ ወዲህ ከሚሴ ቁጭ ብዬ ያመለከትኩበት ሁሉ ዝም ብሏል። ይሄም ካመለጠኝ አለቀልኝ።

ቅዳሜ

አልኮል ተገኘ። ብልቃጥ ተገኘ። ወረንጦ የእህቴን ወሰድኩ። «ቅንድብሽን ልትነቅይ ነው?» «አዎ» ብዬ ዋሸሁ፤ አስተግፊሩላህ።

እናቴ ሳቀች፤ «ዲግሪሽን ይዘሽ ከላም ጭራ ስር ልትገቢ?» «ልጅሽ ሥራ ያዘች?» ለሚላት ጎረቤት ሁሉ ግን መልስ የምትሰጠው እሷ ናት።

እሁድ

ጠዋቱን ሙሉ ተባረርኩ። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ስጠጋ በፈገግታ ይቀበሉኛል፤ መዥገር ስል ፊታቸው ይጠቁራል። «ወላሂ የኔ በሬ መዥገር አያውቅም!» መዥገሩ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት! አንዱ ሽማግሌማ ዱላቸውን አነሱ። «ዋጋ ልታስጥዪብኝ ነው? የትኛው ደላላ ነው የላከሽ?»

አጥር ስር ተቀምጬ አለቀስኩ።

እዚያው ሆኜ ሳይ ሽማግሌው በሬያቸውን ሸጡ። ገዢው ወዲያው ጆሮውን ገልብጦ፣ «አባቴ፣ ይሄ ምንድነው?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «አሁንማ ያንተ ነው!»

ተነስቼ ሮጥኩ። መዥገሩን ልውሰድ ስለው ገዢው፣ «ንቀይ እህቴ፣ የብብቱንም እንዳትረሺ!» አለኝ። ሽማግሌውም ስጠይቃቸው ሳይሸሽጉ ነገሩኝ፤ በሬው ከጨፋ ሮቢት ነው የመጣው።

ለካ መጠየቅ ያለብኝ ከተሸጠ በኋላ፣ ሻጩ ሳይሄድ ነው። ከዚያ በኋላ በዋጋ ተስማምቶ እጅ ለእጅ የተማታ ሰው ባየሁ ቁጥር መሮጥ ሆነ ሥራዬ። ግን ረፍዶ ነበር፤ ገበያው ተበተነ። ስድስት ብልቃጥ ብቻ።

ሰኞ

ስድስቱን ብልቃጥ መምህሬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አንድ በአንድ እያነሱ የጻፍኩትን አነበቡ።

«አሥር ነበር ያልኩሽ።»

«አዎ፣ መምህር።»

«እንዴት እሺ አሉሽ?» ነገርኳቸው። ዱላውንም ጭምር። አልሳቁም። እዚያው ወደነበሩት ተማሪዎች ዞረው፣ «እሁድ ከእሷ ጋር ትወጣላችሁ። የምትላችሁን ስሙ» አሏቸው።

ተቀበሉኝ ማለት ነው? አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ። ለእናቴ ግን ደውዬ «እሁድ ሥራ አለኝ» አልኳት።