ባለ ቀይ ባርኔጣው ሰውዬ

ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ
የካቲት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለምወድህ ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እህል በደንብ መብላት ጀመርክ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ደስታው እንቅልፍ ነሳን እንጂ። ከእስር መፈታትህንና ፓስፖርትህ መውጣቱን ከሰማን ወዲህ፣ በሆዴ ይዣት ከአገር የወጣሁት ልጅህ ማዕዶት ወሬውን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች።

አሁን ግን አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ እንዳትስቅብኝ። ማዕዶት ሦስት ዓመቷ ሳለ ከቤተ ክርስቲያን የልባሽ ክምር ውስጥ አንድ የሥዕል መጽሐፍ አገኘሁላት። አንዲት ልጅ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ገልብጣ መርከብ ታደርገዋለች፤ አንሶላ ሰቅላ ባሕር ታቋርጣለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ቀይ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ወደብ ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለህ። ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ ፈጠርኩላት። ሰውዬው ማነው ስትለኝ፣ አባትሽ ነዋ፣ እየጠበቀሽ ነው አልኳት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛችን በእግሩ ቆሞ አያውቅም። ሽሮ የምንበላው መሬት ቁጭ ብለን ነው።

ዘንድሮ ማንበብ ቻለች። ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን ይዛ መጣችና «ማሚ፣ ሰውዬው እኮ ፊሽ ሻጭ ነው ይላል» አለችኝ። ለካ ዓሣ ሻጭ ኖሯል! ሽንኩርቴን ስከትፍ፣ ትንሽ አሰበችና «ኦኬ፣ ዳዲ እኛ እስክንደርስ ፊሽ ይሸጣል» ብላ ጠረጴዛውን ገለበጠችው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እንባዬንም።

ችግሩ፣ ቅዳሜ ሳምንት አንተ ኢምባካሲ ኤርፖርት ስትደርስ ማዕዶት የምትፈልገው ያንን ባርኔጣ ነው። የሰርጋችንን ፎቶ ባሳያት፣ ይሄ ሙሽራ ነው፣ ዳዲ አይደለም ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ ከጊኮምባ ልባሽ ተራ ቀይ ባርኔጣ ገዝቼ፣ ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልህ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ፀጉሬ ይተኛብኛል ብለህ ኮፍያ የማታደርግ ሰው እንደነበርክ አልረሳሁም። አሁን ግን ሰው ቢስቅብህም አድርገው።

ወንድምህ ፀጋዬም ጽፎልኛል። እስር ቤቱ በር ላይ በአጠገቡ ስታልፍ ሳይለይህ አሳልፎህ፣ አንተው ተመልሰህ ትከሻውን እንደነካኸው ነግሮኛል። ግድ የለም። ብቻ አቅፈህን እስክንጠግብ ድረስ ባርኔጣውን እንዳታወልቅ። በባርኔጣው የምትፈልግህ ማዕዶት ብቻ አይደለችም።

በሄድክበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልህ፤ በሰላም ያገናኘን።

የልጅህ እናት፣ የጠረጴዛዋ መርከበኛ